ሲበላሽ ወዴት ይመለሳል?

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ "ኮምፒውተር" ብዬ ነው የማልፈው። በዝርዝር ልንገር ካልኩ ይረዝማል፤ ደግሞም ስሙ ራሱ ያስቸግራል። መስኮት ሳይከፍት፣ ማንም ሳያየው ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም በሙያው "ዴሞን" ይባላል። ስልክ ላይ ሳወራ እናቴ ሰምታ "የምን ጋኔን ነው የምትጠራብኝ?" ብላ አማትባለች። ስሙን ያወጡት በ1963 እ.ኤ.አ. ገደማ የኤምአይቲ ሰዎች ናቸው፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው፣ ሳይታክት ሞለኪውል ሲለይ ከሚውል ፍጡር ነው የወሰዱት። ወደኛ ቋንቋ ቢመለስ ከጋኔን ይልቅ ለውቃቢ ይቀርባል፤ ሲኖር አይታይም፣ ሲርቅ ግን ቤቱ ይታወካል።

የኔ ውቃቢ ሥራው የኔትወርክ መሣሪያዎችን ማዋቀር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየወረዳው ቅርንጫፍ ላለው አንድ የቁጠባና ብድር ድርጅት ነው የጻፍኩት። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሊኑክስ የተጫነባት ትንሽ ሳጥን አለች። መውጫዋ ሁለት ነው፤ አንዱ የመስመር ኢንተርኔት፣ ሌላው ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም። መስመሩ ሲቋረጥ ወደ ሲሙ መዞር፣ መስመሩ ሲመጣ መመለስ፤ በቃ። በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ ተዋዋልኩ። ለዚህ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ሬድ ሃት ኔትወርክ ማናጀርን የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱን እንዳለ ለምን አልወሰድክም ብባል፣ እውነቱ የራሴን መጻፍ ስለፈለግሁ ነው።

ሁለቱ ሳምንት ሰባት ወር ሆነ።

ኬብል ሲሰካና ሲነቀል የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይናገራል፤ ያንን ማዳመጥ አይከብድም። ግን የኬብሉ መሰካትና የኢንተርኔቱ መኖር ለየቅል ናቸው። መብራቷ አረንጓዴ እያበራች መስመሩ ከሞተ ሦስት ቀን ሊሆነው ይችላል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሳጥኗ ከሞደሙ ቀድማ ትነቃና "ሞደም የለም" ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። የካርዶቹ ስምም ይቀያየራል፤ ትናንት ኢትኤች ዜሮ የተባለው ዛሬ ኢትኤች ዋን ሆኖ ይነሣል፣ የአንዱ አድራሻ ለሌላው ይሰጣል። ከሁሉ የባሰው ግን እየመጣ የሚሄድ ደካማ መስመር ነው። ፕሮግራሜ በየአሥር ሴኮንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ገንዘብ ያዦቹ "ከምትመላለስብን ቁርጧን ብትቋረጥ ይሻለናል" አሉ። ልክ ነበሩ። መስመሩ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ካልሠራ እንዳይመለስበት አደረግሁ።

ከዚያ ያ ዓርብ ማታ መጣ። አዲሱን እትም ወደ አንድ ቅርንጫፍ ላክሁ። አዲሱ እትም ሲነሣ ያገኘውን አድራሻና መንገድ ሁሉ ይጠርጋል፤ ቀጥሎ የቅንብር ፋይሉን አንብቦ እንደገና ይዘረጋል። "ንጹሕ አጀማመር" ብዬ የኮራሁበት ነገር ነው። በቅንብሩ ውስጥ የአንዱን ቃል ስም ቀይሬ ነበር፤ ቅርንጫፉ ያለው ፋይል ግን የድሮው ነው። ጠረገ፣ አነበበ፣ አልገባውም፣ ሞተ። ሲሞት የሚያስነሣው ሌላ ፕሮግራም አለና አስነሣው፤ ደግሞ ጠረገ፣ ደግሞ ሞተ። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የደረቀ ስክሪን አያለሁ። ማስተካከያውን የምልክበት መንገድ ራሱ የጠረግሁት መንገድ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለገንዘብ ያዧ ደወልኩ። "እትዬ፣ ጥቁሯን ሳጥን አጥፍተው ያብሩልኝ።" አጠፉ፣ አበሩ። "ሌላስ?" አሉኝ። ሌላ አልነበረኝም። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ሒሳቡ ማዕከል ስለሚቀመጥ፣ ደብተሩን ይዞ የመጣው ሁሉ ምን ያህል እንዳለው እንኳ ማየት አልተቻለም። አንድ ሽማግሌ የበሬ ገንዘብ ሊያወጡ መጥተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሬው ለሌላ ተሸጠ። ይህን የሰማሁት እሑድ በአውቶቡስ ፍላሽ ይዤ ሄጄ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ከገንዘብ ያዧ አፍ ነው። ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማስተካከያው አራት ደቂቃ አልፈጀም።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። ጁኒፐር ራውተሮች ላይ "ኮሚት ኮንፈርምድ" የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ቅንብሩን ትቀይራለህ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመልሰህ ካላጸደቅኸው ራውተሩ በራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ኡቡንቱ ላይ "ኔትፕላን ትራይ" 120 ሴኮንድ ይሰጥሃል። ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። የኔም ፕሮግራም አሁን ሳያነብ አይጠርግም፣ መጨረሻ የሠራውን ቅንብር አይጥልም፣ ራሱ ያላስገባውንም መንገድ አይነካም።

እሱም ሆኖ ደግሜ ተሳስቻለሁ። "ማዕከሉን ካላገኘህ ወደ ቀድሞው ተመለስ" ብዬ ስጽፍ፣ ቅንብር በተቀየረ ሰዓት ብቻ እንዲሆን አልገደብኩትም። አንድ ሌሊት የማዕከሉ ሰርቨር ለጥገና ሲዘጋ ቅርንጫፎቹ በሙሉ የታመሙት እነሱ መሰላቸውና ደኅናውን ቅንብራቸውን መጣል ጀመሩ።

በዚህ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት በኋላ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ገደማ ጠፍተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኩባንያው እንዳስረዳው፣ በመደበኛ ጥገና ላይ የተሰጠ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከላቱን የሚያገናኘውን አውራ መስመር አወረደው፤ ትእዛዙን መርምሮ ማስቆም የነበረበት መሣሪያም ስሕተት ነበረበትና አሳለፈው። ከዚያ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ ማዕከላቱን ማግኘት ሲያቅታቸው "ችግሩ እኔ ጋ ነው" ብለው ራሳቸውን ከኢንተርኔት መንገድ አወጡ። እነሱ ደኅና ነበሩ እኮ! በመጨረሻ መሐንዲሶች በአካል ወደ ማዕከላቱ መሄድ ነበረባቸው። (በነገራችን ላይ በዚያን ቀን ቴሌግራም ከ70 ሚሊዮን በላይ አዲስ ሰው እንደተቀበለ ፓቬል ዱሮቭ ጽፎ ነበር፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ያኔ የመጣችሁ ናችሁ።) እነሱም እንደኔ ተነሥተው ሄዱ፤ ልዩነታችን የአውቶቡስ ትኬቱ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለባለሙያ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘባችን፣ ነዳጃችን፣ የመንግሥት ጉዳያችን ወደ ስልክና ወደ ማዕከል እየገባ ነው። መግባቱን አልጠላም፤ እንጀራዬ ነው። ግን አዲስ ሥርዓት ሲመረቅ የምንሰማው የተጠቃሚውን ብዛት ነው። በእጄ ያለፉት የጨረታ ሰነዶችም ፍጥነት ይጠይቃሉ፣ የዋስትና ዘመን ይጠይቃሉ። ሲበላሽ ወዴት ይመለሳል? ቦታው ላይ ያለው ሰው ያለ ባለሙያ ምን ማድረግ ይችላል? ይህን የሚል አንድም አላየሁም። ስላልተጠየቀም አይሠራም፤ የሚያሠራኝ ሰው "ደንበኛው ለማያየው ነገር አንከፍልም" ብሎኛል። በሒሳብ ደብተር ላይ ከሄድን ልክ ነው፤ ከሰባቱ ወር ሦስቱ የሄዱት ባይበላሽ ኖሮ በማያስፈልግ ኮድ ላይ ነው። የበሬው ገንዘብ ግን በማንም የሒሳብ ደብተር ላይ አልተጻፈም።

አሁን በሳጥኗ ጀርባ አንዲት ቁልፍ አለች። አምስት ሴኮንድ ሲጫኗት ሳጥኗ መጨረሻ ወደሠራው ቅንብር ትመለሳለች፤ እኔ አላስፈልግም። ባለፈው ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ቅርንጫፍ ስሄድ ገንዘብ ያዧ ከቁልፏ በላይ በእስክሪብቶ የጻፉባትን ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር ለጥፈው አገኘሁ። "ንስሐ" ትላለች።