ሰባት ቤት ሲቆጠር

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ፤
አምበር።

እዚህ አዲስ አበባ ሥልጠናው ደህና ነው። የምጽፍልህን ነገር በስልክ ብንጀምረው አንዳችን እንደምንዘጋው ስለማውቅ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ከመነሳቴ በፊት ያልከኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አብሮ አደግህ ዘሩን ሊሰጠን ፈቅዷል፤ መተኛት አያስፈልግም፤ እቤታችን በስሪንጅ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም፤ ልጁንም እንደ አብራክህ ክፋይ ታሳድገዋለህ። ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደከበደህ ፊትህ ላይ አይቻለሁ። በእኛ አገር «ችግሩ ከእኔ ነው» ብሎ ለሚስቱ የነገረ ወንድ ሰምቼ አላውቅም፤ አንተ ነገርከኝ። ለዚህ አከብርሃለሁ። ያስከፋኝ ሌላ ነው፤ ከእኔ አስቀድመህ እሱን ማማከርህ።

ስለ ጉዳዩ ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ፓንኮስት የሚባል ሐኪም፣ ባሏ ዘር የሌለው አንዲት ሴት በክሎሮፎርም አደንዝዞ ከተማሪዎቹ የአንዱን ዘር በማኅፀኗ አስገባ። ባልየው የሰማው በኋላ ነው። ሰምቶ ተስማማ፤ ለእሷ ግን እንዳይነገራት ተባለ። ነገሩ አደባባይ የወጣው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1909 ከተማሪዎቹ አንዱ ሲጽፈው ነው። ያረገዘችው እሷ፣ ያማጠችው እሷ፤ የመከሩት ወንዶቹ። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። አንተ እንዲህ አላደረግህብኝም፤ መጥተህ ጠይቀኸኛል። ቢሆንም ከእንግዲህ በዚህ ነገር ሁለታችን ሳንነጋገር ለሦስተኛ ሰው አንዲት ቃል እንዳትወጣ እለምንሃለሁ።

ደግሞስ ምርመራህ መቼ አለቀና ነው? በእጃችን ያለው «በዘር ፈሳሹ ውስጥ ዘር አልታየም» የሚል አንድ ወረቀት ነው። ምርመራው መደገም አለበት፤ ከዚያ ሆርሞንህ በደም ይታያል፤ የዘር ፍሬህም ይመረመራል። ምንጩ ሳይነጥፍ ቦዩ እንደሚደፈን ሁሉ፣ ዘሩ እየተመረተ መውጫው የሚዘጋባቸው ወንዶች አሉ። እናትህ፣ ጎረምሳ ሳለህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ወደ ታች ወርዶ አሳብጦህ እንደነበር አንድ ቀን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይህን ለሐኪሙ ነግረኸው ታውቃለህ? እንዲያ ያለ በሽታ የዘር ፍሬን ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዴ ግን ከፍሬው ውስጥ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ጥቂት ዘር ይገኛል፤ አንዷን ዘር ወስደው በእንቁላሉ ውስጥ በመርፌ ያስገቧታል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልጅ ቤልጂየም ውስጥ ከተወለደ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት «አትወልዱም» የተባሉ አባቶች ወልደዋል። እዚህ አዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። ወጪ አለው፤ ምልልስ አለው፤ ይሳካል ብሎ የሚምልልን የለም። ግን ያንተን ሳንፈልግ የሌላ ሰው ዘር ለመቀበል ልቤ እምቢ አለኝ።

ፈልገን ብናጣውስ? ያን ጊዜም በሬን አልዘጋሁም። በስሪንጁ ነገር ግን አንስማማም። ስሪንጁ መኝታውን አስቀረ እንጂ በሽታውን አላስቀረም። ኤችአይቪ ከያዘ በኋላ ለሳምንታት በምርመራ ላይታይ ይችላል። በውጭ አገር የዘር ባንኮች ዘሩን አቀዝቅዘው ወደ 6 ወር እያቆዩ ሰጪውን ደግመው የመመርመር ልማድ ያመጡት ለዚህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ አለ፣ ቂጥኝ አለ፤ ሁለቱም ከእኔ አልፈው ለሕፃኑ ይተርፋሉ። ጓደኛህን በምግባሩ አልጠረጥረውም። ጨዋነት ግን የደም ምርመራ አይሆንም።

ከበሽታው ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ «ማንም አያውቅም» ያልከው ነው። እሱ ሴት ልጆች አሉት። የእኛ ወንድ ቢሆን ከእነሱ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ጥምቀት ሲሆን ከእነሱ ጋር ታቦት ይሸኛል፤ ሎሚ ይወረውራል። አንድ ቀን ሽማግሌ ይላክልን ቢልስ? ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሚቆጠረው ግን ያንተ ቤት ነው፤ ባንተ በኩል ደግሞ ዝምድና የለም። አያቶቹ ተጠርተው፣ ቅድመ አያቶቹ ተጠርተው «አይነካካም፣ ይጋቡ» ይባላል። እኔና አንተ፣ እሱም፣ ሦስታችን እያወቅን እህትና ወንድም ድንኳን ውስጥ ሊቀመጡ! ያኔ ብንናገር ሁለት ቤት ይፈርሳል፤ ዝም ብንል ኩነኔ ነው። አምበር ትንሽ ናት፤ ምስጢር ለመያዝ የምትበቃ ትመስላለች እንጂ ልጆች ተራርቀው የሚያድጉባት አይደለችም።

ስለዚህ ልጁ ማወቅ አለበት። ስዊድን በለጋሽ ዘር የተወለደ ልጅ ሲጎለምስ የሰጪውን ማንነት የማወቅ መብት እንዲኖረው በሕግ ያጸናችው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። እኔ የስዊድንን ሕግ ባላውቅም የአያቶቻችን ሰባት ቤት ይበቃኝ ነበር። ቢያውቅስ ምን ይቀርብሃል? በአገራችን ሰው ጣቱ ላይ ማር ቀብቶ ያልወለደውን የጡት ልጅ ሲያደርግ ምስክር ጠርቶ ነው። ሁሉ እያወቀ አባት ይባላል፤ አባትነቱንም የሚቀማው የለም። አንተ እንዲህ ያለ አባት ለመሆን ታንሳለህ? ለእኔ አታንስም።

ሕጉም ቢሆን ወዳንተ ያደላል። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ፣ ባል በጽሑፍ ፈቅዶ ሚስቱ በሰው ሠራሽ መንገድ ብትፀንስ፣ በኋላ ልጁን መካድ እንደማይችል ደንግጎ ነበር። እንደምታየው ያኔም የተፈለገው ወረቀትና ፊርማ ነው። ወደዚያ ከደረስንና ሕግ ከፈቀደ በሐኪም እጅ፣ በፊርማህ፣ ሰጪውም ሩቅ ሰው ሆኖ ይሁን። ለነፍስ አባታችንም አብረን እንነግራለን። ይቃወሙን ይሆናል፤ እሺ ይሉ ይሆናል ብዬ አላታልልህም፤ ግን ተደብቄ ቆሜ ማስቀደስ አልችልም።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። ለአብሮ አደግህ «ቆይ» በለው፤ አመስግነው፤ አታስቀይመው። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቅና የምርመራ ወረቀትህን ይዘህ ና። ደብረ ማርቆስ አትዙር፤ ከአምበር በቀጥታ የሚመጣውን መኪና ያዝ፤ መናኸሪያ እቀበልሃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመምጣትህ በፊት። እናትህ ይህን ሁሉ ዓመት ጸበል ለጸበል ሲልኩኝ፣ በጎረቤት ፊት «የእኔ ልጅስ ምን በደለ» ሲሉ አንድ ቀን መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ለሌላ ሰው አትናገር፤ ለእሳቸው ግን ቁጭ ብለህ «መካኗ እሷ አይደለችም» በልልኝ። እኔ ብናገረው አያምኑኝም።

የምትወድህ ባለቤትህ
ከአዲስ አበባ