ካኪ ፖስታ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። የወንጀል ስፍራ ምርመራ ላይ ተመድቧል፤ "መምህር፣ ከቦርሳዬ መጥፋት የሌለበት ነገር ምንድን ነው?" ይላል። "ካኪ ፖስታ። ትርፍ ካኪ ፖስታ" ብዬ መለስኩለት። የሳቅ ምልክት ላከልኝ። ካሜራ፣ የአሻራ ዱቄት ምናምን እለዋለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። ምክንያቱን ክፍል ውስጥ ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ልጻፈው።

ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የፖሊስ ማስረጃ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራው ፊልም ላይ እንደሚታየው አይደለም። ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ጠጋ ብለህ፣ በመጨረሻ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገህ ከቅርብ ፎቶ ታነሳለህ። ትለካለህ፣ ትለቅማለህ፣ ታሽጋለህ፣ ትፈርማለህ። ማን ከማን እንደተረከበ ካልተጻፈ ችሎት ፊት የያዝከው ጨርቅ ብቻ ነው።

የፋሲካ ዕለት ንጋት ላይ ተጠራን። አንድ ወጣት ሌሊት በራፉ ላይ ተወግቶ ሞቷል። ስንደርስ ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ደጃፉ ታጥቦ ለበዓል የመጣው ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ያጠቡት እናቱ ናቸው። ጮህኩባቸው። ልጃቸው በሞተ በሰዓታት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ "ማስረጃ አጠፉብን እኮ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ቀና ብለው አዩኝና "የልጄን ደም ሰው ሲረግጠው ልይ?" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ተጠርጣሪ ተያዘ። የጃኬቱ እጅጌ ላይ ደም አለ። "ማታ በግ ሳርድ ነክቶኝ ነው" አለ። በፋሲካ ቀን እንዲህ የሚልን ሰው ምን ትለዋለህ? ደም የነካው ልብስ የሌለበት ቤት የት ይገኛል? ግን መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ኡለንሁት የሰውን ደም ከእንስሳ ደም የሚለይ ምርመራ ያገኘው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1901 ነው። እኛ የሚጠበቅብን ጃኬቱን በደህና ላቦራቶሪ ማድረስ ብቻ ነበር።

ጃኬቱ በበልጉ ዝናብ ርሷል። እርጥብ ልብስ ንጹህና ሰው የማይነካው ቦታ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ወረቀት ውስጥ ይገባል። ወረቀት አየር ያስገባል። ላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ባክቴሪያውና ሻጋታው ደሙን ያበላሸዋል። ይህንን አሳምሬ አውቅ ነበር። ግን ካኪ ፖስታ አልቆብናል፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ቤት ልጆቼ ዶሮውን ሳይነኩ እየጠበቁኝ ነው። ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ለአንድ ሌሊት ነው ብዬ። አሸግኩ፣ ፈረምኩ፣ ኤግዚቢት ክፍል አስገባሁት።

በማግስቱ ሌላ ሥራ መጣና ወጣሁ። ረሳሁት ብል ውሸት ይሆናል፤ ነገ ነገ እያልኩ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የተገኘው በ9ኛው ቀን ሲሆን እሽጉ እንዳለ ሄደ። የላቦራቶሪው መልስ አጭር ነበር፦ ናሙናው በስብሷል፣ ለምርመራ አይሆንም።

ሰውየው በነፃ ተሰናበተ። ገዳዩ እሱ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እውነትም የበግ ደም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ያበሰበስኩት የእሱን ንጽሕና ነው። የከተማው ሰው ዓይን ሲበዛበት ሱቁን ዘግቶ አገር ለቀቀ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ውሳኔው በተነበበ ቀን እናትየው የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ። ከል ለብሰዋል፣ ክስት ብለዋል።

"ልጄ፣ ያን ቀን ተቆጥተኸኝ ነበር። ልክ ነበርክ። እኔ ባላጥበው ኖሮ ይገኝ ነበር አይደል?"

ደጃፉ ባይታጠብ ምን እናገኝ እንደነበር እንጃ። የፌስታሉ ነገር ግን አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጠበቃው እዚያው ቆሟል፣ አለቃዬም አለ።

"አይዞዎት እማማ" አልኳቸው።

"እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ጥያቸው ወጣሁ።