እናቴ ፈረስ ናት

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ የሳንጃ ልጆች ነንና በቅሎ እናውቃለን። ሰሞኑን ተረቱን ደጋግመን ያነሳነው ግን ስለ ከብት ስናወራ አይደለም፤ ስለ መኪና ስንከራከር ነው። ጎንደር ላይ ሁለት አሮጌ ኮሮላዎች ለሽያጭ ቀርበውልናል። አንዱ አገሩ ሁሉ ዲኤክስ የሚለው፣ ጠርዙ እንደ ሳጥን የተቆረጠው ነው። ሌላው ከሱ በኋላ የመጣው፣ መልኩ የለዘበው፣ ሆዱ ሰፋ ያለው ኮሮላ ነው። ሁለቱም በዕድሜ ይበልጡናል። ደላላው የጠራው ዋጋ ተቀራራቢ ነው። ገንዘቡ ግን የሚወጣው አንዴ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ የሰሊጥ ዓመት፣ እሱም ከቀናው፣ መጠበቅ ነው።

እኛ ሦስት ነን፤ ሁለታችን ወንድማማቾች፣ አንዱ የአክስት ልጅ። ለመሆኑ ተማሪ መኪና ምን ሊያደርግለት? የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄው ልክ ነው። ገንዘቡ የኛ አይደለም፣ የቤተሰብ ነው። «እናንተ ተምራችኋል፣ ጎንደርም ናችሁ፣ እዩልን» ተብለን ነው ምርጫው ትከሻችን ላይ የወደቀው። ነገሩ የመጣው ከታላቅ ወንድማችን ሕመም ነው። የሰሊጥ አጨዳው ካለቀ በኋላ ትኩሳት ያዘውና አልለቅ አለው፤ ሰውነቱ ከሳ፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ በግራ በኩል ተነፋ። የቆላ ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽዬ የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትውላለች፤ ሌሊት ሜዳ ላይ የተኛ አጫጅ ራቷ ነው። ሕክምናው አለ። በአገራችን የሚሰጠው የሁለት መድኃኒት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ችግሩ እዚያ መድረሱ ላይ ነው። ወንድማችን የደረሰው በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ በሰሊጥ ጆንያ መካከል ተጋድሞ ነው። ዳነ፣ ተመስገን። ድኖ ሲመለስ ግን እናታችን «ከእንግዲህ ልጄ እንደ ጆንያ አይጫንም» አሉ። መኪና ይገዛ አይገዛ የሚለው ክርክር በዚህ ተዘጋ፤ የትኛው የሚለው ተከፈተ።

አንባቢ ኋላ እንዳይታዘበን አሁኑኑ እንናገር፤ የአክስታችን ልጅ በልቡ የፈለገው ስፖርት መኪና ነው። ዲኤክስን ስፖርት መኪና ብሎ መጥራት ለውጭ ሰው ያስቃል። አራት በር ያለው፣ ለመምህርና ለጸሐፊ የተሠራ መኪና ነው እኮ! የኛ አገር ጎረምሳ ግን እንደዚያ አያየውም። ዝቅ ያደርገዋል፣ ሰፊ ቸርኬ ያስገባለታል፣ ጭስ ማውጫውን ያስጮኸዋል፤ ከዚያ በኋላ መርሴዲስ ቢያልፍበትም ዘወር ብሎ አያይ። ስሙ ራሱ የሚገርም ነው። ዲኤክስ ዴሉክስ ከማለት የመጣ፣ ፋብሪካው የጌጡን ደረጃ ለማመልከት የለጠፈው ምልክት ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የመኪናው ክርስትና ስም ሆኖ ቀረ።

«ትውልድ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ጆሮው የማይቆም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለም። ኮሮላም የትውልድ ጣጣ አለበት። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ዲኤክስ አራተኛው ትውልድ ነው፤ በ1979 ተጀመረ። ሞተሩ በቁመቱ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ በረጅም ዘንግ ከወለሉ ሥር አልፎ የኋላ ጎማን ያዞራል። ሌላው ምርጫችን በ1987 የጀመረው ስድስተኛው ትውልድ ነው። የሱ ሞተር በአግድም ተቀምጧል፤ የፊት ጎማው ይጎትታል፣ የኋላው ዝም ብሎ ይከተላል። ቤቱ ለሁለት የተከፈለው መሐል ላይ፣ በ1983 በመጣው በአምስተኛው ትውልድ ነው። ቶዮታ ያን ጊዜ ተራውን ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ሲያዞር፣ ስፖርታዊ ወንድሞቹን ሌቪንንና ትሩኖን ግን በአሮጌው ሥርዓት፣ በኋላ ጎማ አስቀራቸው። የነዚህ የፋብሪካ መለያ ኤኢ86 ነው፤ ጃፓኖች ሐቺሮኩ፣ «ስምንት ስድስት» ይሉታል። 1,587 ሲሲ፣ አሥራ ስድስት ቫልቭ፣ ቀላል አካል። በ1995 መታተም የጀመረው «ኢኒሺያል ዲ» የተባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ በዓለም ዙሪያ አስጠራው፤ በታሪኩ ውስጥ አንድ ልጅ ሌሊት ሌሊት የአባቱን ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ፣ በዚህ መኪና ያመላልሳል፤ በዚያው ተራራ ቁልቁለት ላይ ትልልቅ መኪና ያላቸውን ሁሉ ይቀድማል። ጎንደሬ ቢሆን ሽሮ ጭኖ ሊማሊሞን ይወርድ ነበር። የአክስታችን ልጅ ይህን ታሪክ በፊልም አይቶ ጨርሶታል፤ አንድ ሌሊት ሙሉ አላስተኛንም።

ተረቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የዲኤክስ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው፤ ቫልቮቹን በዘንግ ከታች የሚገፋ፣ ያረጀ አሠራር። ዘርህ ማነው ቢሉት «ሐቺሮኩ ዘመዴ ነው» ይላል። ደግሞም አልዋሸም! የኋላ አክስሉ አንድ ወጥ ሆኖ በአራት ክንድና በሞላ የተያዘበት ስልት በሁለቱም ላይ ያለ ነው። በቅሎም እኮ አልዋሸችም፤ አህያውን ብቻ ነው የዘለለችው።

ታዲያ ዘመድ መቁጠሩ ለኛ ምን ይጠቅማል? ከሳንጃ ጎንደር ዳገት ነው። ሦስት ሰው ከኋላ፣ ጆንያ በዕቃ መጫኛው አድርገህ ዳገት ስትወጣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይተኛል፤ የፊቱ ይቀላል። የሚገፋው ጎማ ከኋላ ከሆነ ጭነቱ ራሱ መሬት ያስነክሰዋል። የሚጎትተው ከፊት ከሆነ ግን ልክ ጉልበት ሲፈለግ ይንሳፈፍና ጠጠር ላይ ይሽከረከራል። ጎረምሳው ለጨዋታ የሚወደው የኋላ ጎማ ለታመመ ሰው ማውጫም ያው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የአክስታችን ልጅ ይህን ሲሰማ የተናገረውን እዚህ አንጽፈውም።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ነው። ዝናብ ባረጠበው መንገድ ማርሽ ቀንሰህ ስትወርድ ሞተሩ የሚይዘው የሚነዳቸውን ጎማዎች ነው። ዲኤክስ የሚይዘው የኋላዎቹን ነው፤ ክብደቱ ደግሞ አሁን ወደ ፊት ሄዷል፤ ጭራው ሊያመልጥ ይችላል። በፊልም ሲታይ ያምራል፤ እናትህ ከኋላ ተቀምጠው ሲሆን አያምርም። አዲሱ ኮሮላ እዚህ ላይ ጨዋ ነው፤ የፊቱ እየመራው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከዋናው መንገድ ወጥተህ ወደ እርሻው ስትገባ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ በክረምት ያ ዋልካ አፈር ትራክተር እንጂ ኮሮላ አያውቅም።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆላው 40 ዲግሪ ሲነካ መኪና ቆሞም ይፈላል። በዚህ ላይ ካርቡራተር ያለው ሞተር ደጋና ቆላ ሲመላለስ ይደናገራል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የጎንደር መካኒክ ለስሱ አየር ብሎ ቤንዚኑን ይቀንስለታል። ያን መኪና ይዘህ ሳንጃ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ የምንገዛው መኪና ሳንጃ ላይ ኮፈኑን የሚከፍትለት ሰው ሊኖረው ይገባል።

እሱን ሰው ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው፤ ስማቸውን ማተም አይወዱም። ሁለቱን መኪኖች በስልክ ዘርዝረን ነገርናቸው።

«ሁለቱንም እፈታቸዋለሁ» አሉን። «ዲኤክሱን ግን የቆመበት መንገድ ላይ እፈታዋለሁ። ያኛውን ጋራዥ አምጡልኝ።»

«ጋሼ፣ ያኛው እኮ አዲስ ነው።»

«ከማን አዲስ? ከኔ ነው ካንተ?»

ከዚያ ማብራራት ጀመሩ፤ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ካርድ ያለቀብን እኛ ነን። ዲኤክስ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ሞተሩ ራሱ በቺንጋ ያዞረዋል፤ ሞተር ከዞረ እሱም ይዞራል። የአዲሱ ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ነው፤ ሙቀት ለክቶ ነው የሚነሳው። ጎበዝ ነው፣ እስከሚሠራ። አንዲት ፊውዝ ወይም አንዲት ሽቦ ከተቃጠለች ግን ሾፌሩ ሳያውቅ ውኃው ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ የሰሊጡ ብር አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው። ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙረት ጋር የሚያገናኘው ነገር በዲኤክስ ሰንሰለት ነው፤ በአዲሱ ሞተር፣ 1,295 ሲሲ በሆነው፣ የጎማ ቀበቶ ነው። ቀበቶ በጊዜው መቀየር አለበት። መቼ ተቀየረ? ደላላውን ጠየቅነው፤ «ቅርብ ጊዜ» አለ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ የማይታወቅ መኪና ላይ «ቅርብ ጊዜ» የሚባል መልስ የለም። ጋሼ እንዳሉን ሰንሰለት ሲያረጅ ይጮኻል፤ ቀበቶ ሲያረጅ ዝም ብሎ ይቆይና ዳገት ላይ ይበጠሳል።

ሁለቱም ለምን ይህን ያህል ተወደዱ? ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐሳቡን አንቃወምም፤ ነዳጅ ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደሚያሰልፍ እናውቃለን። ግን አዲስ ካልገባ አሮጌው ይከበራል፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ዲኤክስም እንደ ወርቅ እየተመዘነ ይሸጣል። ሻጩ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም ቀብቶ ሲያቀርበው ሙሽራ ይመስላል። ማግኔት ይዘን ሄደን ላሜራውን ዳሰስን፤ ሦስት ቦታ አልያዘም።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። አላለቀም። ረጅሙ ዘንግ በወለሉ ሥር ስለሚያልፍ ዲኤክስ መሐሉ ላይ ጉብታ አለው፤ ከኋላ መሐል የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱ አገጩ ሊነካ ምንም አይቀረው። ያኛው ወለሉ ዝቅና ሰፋ ያለ ነው፤ በሽተኛ ጋደም ብሎ አስታማሚው ከእግሩ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ያነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ስፖርት መኪና ያለው የአክስታችን ልጅ! ያን ጊዜ አይሱዙው ላይ የወንድማችንን ራስ በጭኑ ይዞ የመጣው እሱ ነበር። «እኔ ስፖርቴን ትቻለሁ፤ ሰፊው ይገዛ» አለ። ስንት ሌሊት በሐቺሮኩ ያደነቆረን ልጅ ይህን ሲናገር ሁለታችንም የምንመልሰው አጣን። አንዳችን ከሱ ጋር ሆንን፤ ድምፁ ሁለት ለአንድ ሰፊው ላይ ወደቀ።

ለቤት ስንደውል ስልኩን ያነሳው ታማሚ የነበረው ወንድማችን ነው። የሁለቱንም ጥቅም ነገርነው፤ ወለሉን፣ ቀበቶውን፣ ማራገቢያውን፣ ጉብታውን ሁሉ። ዝም ብሎ ሰማንና «ጃል፣ ያን ቀን እግሬን የት እንደምዘረጋ አይደለም ያሰብሁት፤ ይደርስ ይሆን ነው ያልሁት። የሚቆመውን መኪና ጋሼ መንገድ ላይ የሚያስነሱት ከሆነ እሱን አምጡ» አለ።

ዲኤክሱ ተገዛ። ሊብሬው በእናታችን ስም ነው። ሰፊ ቸርኬና ዝቅ ማድረግ በቤተሰብ ጉባኤ ተከልክሏል፤ የኋላ ሞላው ብቻ ጠንከር ባለ ተቀይሯል። ጉብታው ላይ ጋቢ አራት አጥፈን አነጠፍንበት፤ ከኋላ መሐል የሚቀመጠውም፣ በቁመት አጭሩ እሱ ስለሆነ፣ የአክስታችን ልጅ ነው።