ዘፈን የሌለበት ሸክላ

በተማሪዎች ማኅበራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት የሸክላ ማጫወቻዎች አሉ። የማኅበሩ ኮሚቴ በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ ከመዝገብ ሰርዞ በሐራጅ ሊሸጣቸው አስቧል፤ በመዝገቡም ላይ «ከኮምፒውተር ጋር አልስማማ ያሉ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። የዐርብ ማታውን የሙዚቃ ሰዓት የምናሰናዳ እኛ ጥቂት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን ይህ ፍርድ ተከሳሹ ሳይጠየቅ የተሰጠ ነው ብለን ስለምናምን፥ ነገሩን ለጓደኞቻችን ልንገልጽ ብዕር አነሣን። የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ስለ ሽቦ ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ ሽቦው ሲበጠስ ጭፈራው የሚቀርበት ማን ሆነና ብለን እንመልሳለን።

አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንናገር። አባቶቻችን የሚያውቁት ሸክላ ዘፈኑ በራሱ ላይ የተቀረጸ ነው። ዛሬ ዲጄዎች የሚይዙት የመቆጣጠሪያ ሸክላ ግን መልኩ ያንኑ ይመስላል እንጂ አንድም ዘፈን የለበትም። ያለበት አንድ የማያቋርጥ ፉጨት ነው። ሴራቶ የሚባለው ኩባንያ የሚያወጣው ሸክላ ለምሳሌ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር ፉጨቱ በሴኮንድ 1000 ጊዜ ይርገበገባል። ዘፈኑ ራሱ ያለው በላፕቶፑ ውስጥ ነው። በመካከል ያለችው ትንሽ ሣጥን፥ የድምፅ ካርድ የምትባለው፥ ፉጨቱን ከመርፌው ተቀብላ ለላፕቶፑ ታቀብላለች፤ ላፕቶፑም ያንን እያዳመጠ ዘፈኑን ይነዳዋል። ፉጨቱ ቢቀጥን ሸክላው ፈጥኗል፥ ቢወፍር ዘግይቷል ማለት ነው። ወደ ፊት መሄዱና ወደ ኋላ መሄዱ የሚታወቅበት ብልሃት ደግሞ እጅግ ያስደንቃል። በግራና በቀኝ የተቀረጹት ሁለት ፉጨቶች አብረው አይነሡም፤ አንደኛው ሌላውን በሩብ ርግብግቢት ይቀድመዋል። የዲጄው እጅ ሸክላውን ወደ ኋላ የጎተተው እንደ ሆነ ቀዳሚው ተከታይ ይሆናል፥ ላፕቶፑም ዘፈኑን ወደ ኋላ ይመልሳል። መርፌው በሸክላው ላይ የት እንደ ደረሰ የሚያመለክት ቁጥርም በዚያው ፉጨት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

ዘዴው ወደ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፋይናል ስክራች በሚባለው ዕቃ ነው፤ በ2004 ሴራቶ ከራን ኩባንያ ጋር ስክራች ላይቭን ካወጣ ወዲህ ደግሞ በየአገሩ ተሰራጨ። ማጫወቻው ግን ከዚህ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። የሁሉ አባት የሆነው ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 በ1972 ተወለደ፤ በ2010 ሥራው ተቋርጦ ነበር፥ በ2016 እንደገና ተጀመረ። የእኛዎቹ እርሱን አይተው የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሕመማቸው እንምጣ። የግራው ማጫወቻ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እያለ፥ እንደ ሰከረ ሰው ያንገዳግደዋል። የቀኙ ደግሞ «እምምም» እያለ ያጉረመርማል። ይህ በሆነ ጊዜ ሁሉም የፈረደው በላፕቶፑ ላይ ነበር። ሶፍትዌሩ ሁለት ጊዜ ተነቅሎ እንደገና ተጫነ፤ ላፕቶፑም ተለወጠ። ቀጥሎ አንድ ጠጋኝ ተጠርቶ ሞተሩን ፈታ፥ ዘይት ቀባ፥ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሕመሙ ግን እዚያው ነው። እንደሚመስለን ሰው በላፕቶፑ ላይ የሚፈርደው መስታወት ስላለውና የሚናገር ስለሚመስል ብቻ ነው፤ ዝም ያለውን ሽቦ የሚጠረጥር የለም።

የዕቃ ቤቱን ኀላፊ «ጋሼ፥ ቁልፉን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይስጡን» ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም «እናንተ ልጆች፥ ሬዲዮ ሲታመም መጀመሪያ ሽቦውን ነካ ነካ ነው እንጂ ሆዱን መቅደድ ምን ይባላል?» አሉን። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ከዚህ ቃል ብዙም አልራቀም።

መጀመሪያ ሸክላውን ትተን ዘፈኑን ከላፕቶፑ ብቻ አጫወትነው። ጥሩ አድርጎ ዘፈነ። ስለዚህ ላፕቶፑም፥ ከላፕቶፑ ወደ ድምፅ ማጉያው ያለው መንገድም ከክሱ ነጻ ወጡ፤ ጥፋቱ ከመርፌው እስከ ሣጥኗ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን የፉጨቱን ሥዕል ከፈትን። ግራና ቀኙ ጤነኛ ሲሆኑ ሥዕሉ ክብ ይሆናል። አንደኛው ከደከመ ክቡ ይሞላል፥ እንደ እንቁላል፤ አንደኛው ጨርሶ ከጠፋ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል። የግራው ማጫወቻ ሥዕል ክብ ሆነ ሲሉት መስመር ይሆን ነበር። መንገዳገዱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከሁለቱ ፉጨቶች አንዱ በጠፋ ቁጥር የትኛው እንደሚቀድም ላፕቶፑ በምን ይወቅ?

ከዚያ በኋላ የሁለቱን ክንዶች ራስ፥ መርፌና ካርትሪጅ የሚታሰሩበትን ማለታችን ነው፥ አቀያየርናቸው። ሕመሙ ከራሱ ጋር ወደ ቀኙ ማጫወቻ ተዛወረ። ሳይዛወር እዚያው ግራው ላይ ቢቀር ኖሮ በሣጥኗ ላይ የተሰኩትን ገመዶች አቀያይረን፥ ጥፋቱ የክንዱና የገመዱ ነው ወይስ የሣጥኗ የሚለውን በዚያው መንገድ በለየን ነበር። ይህን ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የሆነውን ሳይረሱ መጻፍ ይበቃል። ራሱን ነቅለን ስናይ ከኋላው ካሉት አራት ትንንሽ መገናኛዎች አንዱ ጠቁሯል፤ የክረምት እርጥበትና አቧራ ያደረገው ነው። በእርሳስ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አደረግነው፥ በንጹሕ ጨርቅም አበስነው። ክቡ ወዲያውኑ ተስተካከለ።

ዘፈኑ ግን ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር! ምንም ሳይንገዳገድ፥ በኩራት፥ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ከመካከላችን አንዱ ይህስ ከጥገና በላይ ነው ብሎ ሊነሣ ሲል፥ ሌላይቱ በካርትሪጁ ላይ የተሰኩትን አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ማየት ጀመረች። ነጩ ለግራ ነው፥ ሰማያዊው ለግራው መመለሻ፤ ቀዩ ለቀኝ፥ አረንጓዴው ለቀኙ መመለሻ። በእኛው ላይ ነጩና ሰማያዊው ተለዋውጠው ተሰክተዋል። በተራ ሸክላ ላይ ቢሆን ይህ ድምፁን ጥቂት ያሳሳዋል እንጂ ዘፈኑን አያስቀረውም፤ በመቆጣጠሪያ ሸክላ ላይ ግን የአንዱ ፉጨት ርግብግቢት ስለ ተገለበጠ ተከታዩ ቀዳሚ መስሎ ታየ፥ ላፕቶፑም ያየውን አመነ። በወረንጦ መልሰን ሰካናቸው።

የቀኙ ማጉረምረም ከዚህ ይልቅ ቀላል ነበር። ከማጫወቻው ጀርባ ከድምፅ ገመዶቹ ጋር አብራ የምትወጣ ቀጭን የኧርዝ ሽቦ አለች፤ በሚክሰሩ ወይም በሣጥኗ ጀርባ ካለው ቡሎን ጋር መታሰር ይገባታል። የእኛዋ ምን እንደምትሠራ ያወቀ ስላልነበረ ተጠቅልላ ከጠረጴዛው ሥር ተደብቃለች። ካርትሪጅ የሚያወጣው ኀይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለ ሆነ፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራት ኀይል በቀላሉ ይቀላቀልበታል። ሽቦዋን ስናስር ጉርምርምታው ጠፋ፥ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ክብም ረጋ።

ሦስት ነገር ጨምረን እንለፍ። ሣጥኗ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መለወጫ ካላት፥ ማጫወቻው የራሱ ማጉያ ከሌለው መለወጫው በፎኖ መሆን አለበት፤ በላይን ከሆነ ፉጨቱ እንደ ሩቅ ሹክሹክታ ደክሞ ይደርሳል። ሁለተኛ፥ መርፌው እየዘለለ ያስቸገረው ሰው ከራሱ ላይ ሳንቲም ይጭናል። ብዙዎቹ የዲጄ መርፌዎች የሚሹት ክብደት 3 ወይም 4 ግራም ያህል ነው፤ ሳንቲሙ መርፌውንም ሸክላውንም ይበላል። ሦስተኛ፥ ሶፍትዌሩ የመርፌውን ቦታ ትቶ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ብቻ እንዲከተል ማድረግ ይቻላል። መርፌው ቢዘልም ዘፈኑ አይዘልም፤ ለጭፈራ ሌሊት መልካም ነው። ጥፋት በሚፈለግበት ቀን ግን ይህን አንወደውም፤ ራስ ምታት መድኀኒት ውጦ ሐኪም ዘንድ እንደ መቅረብ ነው።

የኮሚቴው አሳብም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ሊገዙ ያሰቧት ዲጂታል ኮንትሮለር ትቀላለች፥ መርፌ አትበላም፥ ጠረጴዛው ቢነቀነቅ ግድ የላትም። ነገር ግን ሸክላ አታጫውትም። በዐርብ ማታ ከየቤታችን የምናመጣቸው አሮጌ ሸክላዎች፥ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሙን ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወጡት ባለ 45 ዙሮች፥ የት ሊሰሙ ነው? እነዚህ ሁለት ማጫወቻዎች ያለ ላፕቶፕ የአባቶቻችንን ሸክላ፥ ከላፕቶፕ ጋር የእኛን ዘፈን ያጫውታሉ። በሐራጅ ከሄዱ በኋላ ማኅበሩ መልሶ የሚገዛበት ገንዘብ እንደማይኖረው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ኮሚቴው ስለ ሽያጩ የሚሰበሰበው በሚመጣው ማክሰኞ ነው። በዚያው ቀን ከቀኑ በ8 ሰዓት፥ ከስብሰባው በፊት፥ ሁለቱን ማጫወቻዎች በዕቃ ቤቱ ደጅ አቁመን እናጫውታቸዋለን፤ የኮሚቴው አባሎችም ሌሎችም እንዲመጡልን እንለምናለን። የቀረን ጉድለት የቀኙ መርፌ ማለቁ ነው። ዓይነቱ የሹር ስለ ሆነ፥ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2018 የሸክላ መርፌ መሥራት ስላቆመ፥ መርካቶ ብንዞርም አላገኘንም። ሌላ ኩባንያ ለዚሁ ካርትሪጅ የሚሠራው መርፌ ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ የሚመጣለት ተማሪ ካለ የካርትሪጁን ቁጥር በወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን፤ ዋጋውን ከዐርብ ማታው መዋጮ እንከፍላለን።