ጠፍቼ የምውልባቸው ቅዳሜዎች

በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ገና በማለዳ ከቤት ስወጣ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ከአልጋዋ ሳትወርድ ‹‹ማሚ፣ ዛሬም ልትጠፊ ነው?›› ትለኛለች።

‹‹አዎ፣ ግን ያገኙኛል›› እላታለሁ።

ወፍራም ካልሲ አድርጌ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካሉት ጫካዎች ወደ አንዱ እነዳለሁ። እዚያም ከወደቀ ግንድ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ ጀርባ ተሸሽጌ ውሻ እስኪያገኘኝ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በሥራ ቀናት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ቢዝነስ የተማርኩት፣ ደመወዝም የሚከፈለኝ፣ ሰው አንድን ነገር እንዲያይልኝ ለማድረግ ነው። ቅዳሜ ግን ሥራዬ አለመታየት ነው።

እዚህ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ለመናገር ከሁለት ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ የኅዳር ምሽት መመለስ አለብኝ።

አባዬና እማዬ አናንዴል ከሚገኘው ቤታችን መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸው ነበር። አባዬ የመርሳት በሽታ እንዳለበት ሐኪም ከነገረን ደግሞ ዓመት አልፏል። ቀን ቀን ደህና ነው፤ ይጫወታል፣ ከልጄ ጋር ካርታ ይጫወትና ሆን ብሎ ይሸነፍላታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን መንፈሱ ይረበሻል። በሩ አጠገብ ይቆምና ‹‹መሸ እኮ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ›› ይላል። ቤቴ የሚለው ሽሮ ሜዳ ያለውን ቤት ነው። ሐኪሙ እንደነገረን አመሻሽ ላይ እንዲህ መረበሽ በዚህ በሽታ የተያዙ ብዙ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው። እኛም ለምደነው ነበር። ጥፋቱም ምናልባት መልመዳችን ነው።

ያን ቀን ከቤት ሆኜ እየሠራሁ፣ በኮምፒውተር ከደንበኞች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ዕቅድ እያቀረብኩ ነው። አባዬ አጠገቤ መጥቶ ‹‹ልሂድ እንጂ?›› አለኝ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል በእጄ ‹‹ቆይ›› አልኩት። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ። እማዬ ምድር ቤት ልብስ እያጠበች ነበር። ስብሰባዬን ጨርሼ ስነሳ የኋላው በር ገርበብ ብሏል፤ የአባዬ ጫማ የለም፤ ጋቢው ግን ሶፋው ላይ እንደተጣለ ነው። ከአመሻሹ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ውጪው ጨልሟል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል።

ባለቤቴ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ በየመኪናቸው ወጡ። ፖሊስ ስንደውል ወዲያው መጣ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ‹‹24 ሰዓት ጠብቁ›› የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ለመንገድ፣ ከቤታችን ጀርባ ወደ አኮቲንክ ወንዝ በሚወርደው የእግር መንገድ ጭምር፣ እየተጣራን ፈለግነው። ‹‹አባዬ!›› ብዬ የጮኽኩት ድምፄ ራሱ ያስፈራኝ ነበር። የመለሰልን የለም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም ፖሊስ የጠራቸው በጎ ፈቃደኞች ውሾቻቸውን ይዘው ደረሱ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ቀረብ ብላ፣ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ያልነካው፣ ያልታጠበ ልብስ እንዳለን ጠየቀችን። ለእማዬ ተረጎምኩላት።

‹‹ያልታጠበ? በእኔ ቤት?›› አለች እማዬ፣ በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ እንደተሰደበች ቆጥራው።

እውነቷን ነበር። ፒጃማው፣ የትራስ ልብሱ፣ ካልሲው ሳይቀር በዚያች ሰዓት ምድር ቤት ማሽን ውስጥ ነበር። የተረፈው ጋቢው ብቻ ነው። አባዬ ጋቢው ሲታጠብበት ስለማይወድ እማዬ ሁለት ወር ሙሉ ስትለማመጠው ከርማለች። ሴትዮዋ ጓንት አጥልቃ ጋቢውን አነሳችና በንጹሕ ላስቲክ ከተተችው። ከዚያ ውሻው አፍንጫውን እንዲያስገባ የላስቲኩን አፍ ከፈተችለት። እማዬ ‹‹በስመ አብ›› ብላ ፊቷን አዞረች። በእኛ ቤት ውሻ ማለት ደጅ የሚያድር፣ ትራፊ የሚበላ፣ ሌባ የሚያባርር ፍጥረት ነው። የአባወራ ጋቢ የሚያሸት ውሻ አይታም አታውቅ።

ውሻው እኛ ስንመላለስበት ወደነበረው ጎዳና ዞር ብሎም አላየም። በቀጥታ በኋላው በር በኩል ዞሮ፣ የእግር መንገዱን አቋርጦ፣ ወደ ቁልቁለቱ ጫካ ገባ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከፖሊሱ ሬዲዮ ውስጥ ድምፅ መጣ።

አባዬ ከቤታችን አራት መቶ ሜትር እንኳ አልራቀም። እሾኻማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ መውጫ ሲያጣ እዚያው ቁጭ ብሏል። እየተጣራን ሁለቴ በአጠገቡ አልፈናል። ስንደርስ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ግን የውሻውን አንገት ጭምድድ አድርጎ ይዟል። እኔን ሲያየኝ በጣም አሳስቦት እንዲህ አለኝ፦

‹‹ይሄ ውሻ የማነው? ጠፍቶ ነው መሰለኝ። ባለቤቱ ይፈልገዋል እኮ።››

አንድ ሌሊት ሆስፒታል አድሮ ደህና ሆኖ ተመለሰ። እማዬ ለሴትዮዋ ገንዘብ እንድሰጥላት ብትጎተጉተኝም ሴትዮዋ አልቀበልም አለች። ቤንዚኑን፣ የውሻውን ምግብና ሕክምና፣ የራሷን ልብስና መሣሪያ የምትችለው ከኪሷ ነው፤ ቤተሰብን አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። ሙያዋ ሒሳብ ሠራተኛነት ነው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መግባት ነበረባት። እማዬ ‹‹ታዲያ ምን ይደረግላት?›› ብላ በመጨረሻ ድፎ ዳቦ አስይዛ ሰደደቻት።

ከሦስት ወር በኋላ ደወልኩላት። እንደሷ ውሻ አሠልጥኜ ሰው መፈለግ እፈልጋለሁ አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ‹‹ዕዳ አለብኝ›› አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ‹‹በዕዳ የሚመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል›› አለችኝ። ‹‹ግን ተደባቂ ሁልጊዜ ያስፈልገናል። ቅዳሜ ነይ።››

ፊልም ላይ ስናይ ውሻው ጎበዝ ሆኖ የተወለደ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ውሻና አብሮት የሚሠራው ሰው ለፈተና እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ልምምዱ በየሳምንቱ ነው። የብቃት ማረጋገጫውን የሚያገኙት ሁለቱ አንድ ላይ ነው፤ ውሻው ወደ ሌላ ሰው እጅ ቢሄድ ወረቀቱ አብሮት አይሄድም። ጊዜው ሲያልፍም እንደገና ይፈተናሉ። ፈቃድ ያለው ቡድን ደግሞ በራሱ ተነሥቶ ጫካ አይገባም፤ ፖሊስ ወይም የሚመለከተው የመንግሥት አካል ሲጠራው ብቻ ነው የሚወጣው።

ውሾቹም ሥራቸው ይለያያል። አባዬን ያገኘው ዓይነቱ የአንድን ሰው ሽታ ከልብሱ ወስዶ ዱካውን የሚከተል ነው። ሌላው ዓይነት ልብስ አያስፈልገውም፤ ያለ ማሰሪያ ተለቆ፣ በአየር ላይ የሚመጣውን የማንኛውንም ሰው ሽታ እያነፈነፈ ሰፊ ቦታ ያስሳል። ከሰውነታችን ሳናውቀው ደቃቅ የቆዳ ብናኝ ያለማቋረጥ ይረግፋል። ያንን ነፋስ ይወስደዋል፤ ጎረቤት ቡና ስትቆላ ሽታው በየትኛው መስኮት እንደሚገባ የሚወስነው ነፋሱ እንደሆነው ማለት ነው። ስለዚህ አሠልጣኞቹ በየደቂቃው የሕፃን ፓውደር ብን አድርገው የነፋሱን አቅጣጫ ያያሉ። አመሻሽ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሽታ እንደ ውሃ ወደ ቁልቁለት ይወርዳል። ይህን ሁሉ መማር ያለበት ሰውየው ነው፤ ውሻውማ ያውቀዋል።

በፍርስራሽና በናዳ ሥር ሰው ለመፈለግ የሚሠለጥኑም አሉ። ስለ እነሱ ስማር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተናደ ዕለት ትዝ አለኝ፤ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ያለቁበት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ በደረሰው የመሬት መንሸራተትም ሰው በአካፋና በባዶ እጁ ጭቃ ሲቆፍር ከዚህ ሆኜ በስልኬ አይቼ አልቅሻለሁ። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ቱርክ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ሜክሲኮ ውሾቿን በአውሮፕላን ልካ ነበር። ፕሮቴዮ የተባለው ውሻ ከዚያ አልተመለሰም፤ ሥራው ላይ ሞተ።

ወደ መደበቁ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ መመሪያ አጭር ነበር፦ ቁጭ በይ፣ አትንቀሳቀሺ፣ ስምሽን ሲጠሩ አትመልሺ። ‹‹ለምን?›› አልኩ። ብዙ የጠፉ ሰዎች ስለማይመልሱ ነው አሉኝ። ሕፃናት ይፈራሉ፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ደግሞ የሚጠራው ሰው እነሱ መሆናቸውን ላያውቁ ይችላሉ። መንገድ እስኪዘጋባቸው ይሄዱና በደረሱበት ይቀመጣሉ።

አርባ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ረስተውኛል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ ከሩቅ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ድምፁ ቀረበ፣ በአጠገቤ አለፈ፣ ራቀ። አልመለስኩም። ያኔ ነው የአባዬ ሌሊት ከእሱ በኩል ምን እንደሚመስል የገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የማውቀው የፈላጊውን ጭንቀት ብቻ ነበር። አባዬ ምናልባት ድምፃችንን ሰምቷል። ምናልባትም የሚጠብቅ መስሎት ነው የተቀመጠው። ቆይ ብዬው አልነበር?

እዚያው ግንዱ ሥር አለቀስኩ። የደወል ድምፅ ሰምቼ ቀና ስል ጥቁር ላብራዶር ፊቴን ይልሰኛል። ወዲያው ዞሮ ሮጠ፤ ሴትዮዋ ላይ ዘሎ ‹‹አግኝቻለሁ›› አላትና መንገድ እየመራ አመጣት። እንባዬን ለማበስ ጊዜ አልነበረኝም፤ የተደባቂ ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነውና። ኪሴ ያለውን ኳስ አውጥቼ በደስታ መጮህና አብሬው መጫወት አለብኝ። ለውሻው ፍለጋው ጨዋታ ነው፤ ደመወዙን የሚቀበለውም ከተገኘው ሰው እጅ ነው። በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ መንትያ ሕንፃዎቹ ሲፈርሱ፣ ውሾቹ በሕይወት ያለ ሰው እያጡ ተስፋ ሲቆርጡ፣ አሠልጣኞቹ ራሳቸው ፍርስራሹ ውስጥ እየተደበቁ ያስገኙዋቸው ነበር። የሚያገኘው ሰው ያጣ ውሻ መፈለግ ያቆማል።

ከመደበቁ ጎን የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የካርታና ኮምፓስ፣ የሬዲዮ አጠቃቀም ትምህርት ወስጄ፣ አሁን በእውነተኛ ፍለጋ ላይ ካርታ ይዤ ከባለ ውሻዋ ኋላ እከተላለሁ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሰው ያገኘው የእኛ ቡድን አይደለም። የመጀመሪያው ቀን በጣም ከፋኝ። በእኔ ሙያ ውጤት የሚለካው በቁጥር ነው፤ ‹‹ምንም›› ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሥራውን ያጣል። ሴትዮዋ ግን ካርታው ላይ ያሰስነውን ቦታ በእርሳስ አጠቆረችና ‹‹እዚህ የለም ማለት መልስ ነው›› አለችኝ። ‹‹ሌሎቹ የፈለጉት በቀረው ቦታ ላይ ነው።››

ውሻ አልገዛሁም። ምናልባት ልጄ ከፍ ስትል እገዛ ይሆናል። ዕዳውንም ከፍዬ ጨርሻለሁ አልልም፤ አሁን ግን የምሄደው በዕዳ አይደለም። የሆነች ቤት ውስጥ በሩ ገርበብ ብሎ የሚያገኘው ሰው መኖሩን ስለማውቅ፣ ለዚያ ሌሊት አንድ ውሻ ዝግጁ እንዲሆን መደበቅ የምችል ሰው ስለሆንኩ ነው።

ቤታችሁ አረጋዊ ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ይህችን ያዙልኝ፦ ሰው ሲጠፋ አትጠብቁ፣ ወዲያው ለፖሊስ አሳውቁ። በቅርብ የተነሣ ፎቶ በስልካችሁ ይኑር። ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ ሰው እንዳይረጋግጠው ጠብቁ። ቅርብ ያለውን ቁጥቋጦና ጓሮ፣ ብትጣሩና ባይመልስም፣ ገብታችሁ እዩ።

አባዬ አሁን የበለጠ ደክሟል። ሽሮ ሜዳን መጥራትም እየተወ ነው። በሩ ላይ ደወል ገጥመናል፤ እኔም ከአመሻሹ 11 ሰዓት በኋላ ስብሰባ አልይዝም። ሴትዮዋ አንዳንዴ ልትጠይቀን ስትመጣ እማዬ ውሻውን ‹‹ቡቺ›› እያለች ትጠራዋለች፤ ስሙ እሱ አይደለም፣ ግን ይመጣላታል። ቤት ውስጥ ግን አሁንም አታስገባውም።

አንድ ነገር ብቻ ቀይራለች። ዓርብ ዓርብ፣ ልብስ ልታጥብ ስትል፣ ከአባዬ ካናቴራዎች አንዱን በጓንት ታነሣና ሳታጥበው አየር በማያስገባ ላስቲክ ዘግታ ከበሩ ጀርባ ትሰቅለዋለች።