ሳያዩት አንድ፣ ሳያዩት አስር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፊልም ነው። እንዲያውም ከፊልሙ ይልቅ በፊልሙ ዙሪያ ስለተነሳው አቧራ ነው ብል ይሻላል። አዲስ የሱፐር ሂሮ ቡድን ፊልም በወጣ ቁጥር ቲክቶኩም ቴሌግራሙም ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ሰማይ ይሰቅለዋል፣ ግማሹ አፈር ያበላዋል። አብዛኛውን ጊዜ "የራሳቸው ጉዳይ" ብለን ማለፍ እንችላለን። አንዱ ግን እኛንም ይነካል፤ ቡድኑ ውስጥ አንዲት ሙስሊም ልጅ ነበረችና።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ስለወጣው "ዘ ማርቭልስ" ነው የማወራው። ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ካፒቴን ማርቭል፣ ሞኒካ ራምቦ እና ካማላ ካን። የሦስቱ ኃይል እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ኃይላቸውን በተጠቀሙ ቁጥር ቦታ ይለዋወጣሉ። አንዷ ጠፈር ላይ ከጠላት ጋር እየተናነቀች ሳለ በቅጽበት ራሷን ካማላ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ ታገኛለች፤ ጠላትም አብሮ ይመጣል። የቤቱ ዕቃ ሲደቅ የእናትየውን ፊት ማየት ነው! ካማላ የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ ናት፣ ከኒውዮርክ ወንዝ ማዶ ጀርዚ ሲቲ የምትኖር። ማርቭል ስቱዲዮ በሠራቸው ፊልሞችና ተከታታዮች ውስጥ የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሱፐር ሂሮ እሷ ናት።

ፊልሙ ከሰረ። በመላው ዓለም ያስገባው ወደ 206 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስቱዲዮው ካወጣቸው 33 ፊልሞች የመጨረሻው ዝቅተኛ ገቢ ነበር። በ2019 የወጣው "ካፒቴን ማርቭል" ከ1 ቢሊዮን በላይ ማስገባቱን ስታስቡ የውድቀቱን ጥልቀት ትረዱታላችሁ።

ፊልም ይከስራል፤ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ፈንጠዝያ ነው። የገቢው ቁጥር በወጣበት ሰሞን ዩቲዩቡ ሠርግ ቤት መሰለ። ሰው ስላላየው ፊልም፣ በማያውቀው ሰው ኪሳራ እንዲህ ይደሰታል? የአስፈሪ ልቦለዶች ደራሲው ስቴፈን ኪንግ እንኳ ዝም ማለት አልቻለም። የማርቭል ፊልሞች ግድ እንደማይሰጡት፣ ነገር ግን በዚህ ፊልም ውድቀት የሚታየው ደስታ ደስ የማይል ነገር እንደሆነ ጻፈ። ከጥላቻው ከፊሉ "ሴቶች ስለሆኑ ነው" የሚል ጥርጣሬም ጨመረበት።

እኔ ጥርጣሬው እውነት ነው እላለሁ፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ለውድቀቱ በቂ ምክንያት ነበረ። ፊልሙን በወጉ ለመረዳት አስቀድሞ ሁለት ተከታታዮችን ማየት ይጠይቃል፤ ሰው ደግሞ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ሲኒማ መግባት አይወድም። የተዋናዮቹ የሥራ ማቆም አድማ ያበቃው ፊልሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ስለዚህ ተዋናዮቹ ወጥተው ሊያስተዋውቁት አልቻሉም። ርዝመቱ 105 ደቂቃ ብቻ፣ ከማርቭል ፊልሞች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ጠላት ሆና የቀረበችው ሴት ምን እንደሚያንገበግባት ሳይገባን ያልቃል። ሰዎቹ በዘፈን ብቻ የሚነጋገሩባት ፕላኔት ነገርማ ባይነሳ ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከፊልሙ በፊት ነው።

ካማላ ካን የራሷን ኮሚክ ያገኘችው በፌብሩዋሪ 2014 ነው። ሐሳቡ ከተጠነሰሰባቸው ሰዎች አንዷ ማርቭል ውስጥ አርታኢ የነበረችው ሳና አማናት ናት፤ እሷም የፓኪስታናውያን ልጅ ሆና ኒው ጀርዚ ያደገች። የጻፈችው ጂ. ዊሎው ዊልሰን ደግሞ እስልምናን የተቀበለች አሜሪካዊት ናት። የመጀመሪያው ቅጽ በ2015 ሁጎ የሚባለውን ትልቅ ሽልማት ወሰደ። እኔን ከሽልማቱ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት በጃንዩዋሪ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አውቶቡሶች ላይ ሙስሊሞችን የሚያንቋሽሽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አንድ ቀን የካማላ ሥዕል ማስታወቂያው ላይ ተለጥፎበት፣ ጥላቻን አቁሙ የሚል መልእክት ተጽፎበት ተገኘ። ደጋፊነት እንዲህም አለ! ማንንም ሳይሳደብ፣ የሚወዳትን ልጅ አምጥቶ ስድቡ ላይ የሚለጥፍ።

በጁን 2022 "ሚስ ማርቭል" የተሰኘው ባለ ስድስት ክፍል ተከታታይ መታየት ሲጀምር ሃያሲዎች ወደዱት። አይኤምዲቢ በሚባለው ደረጃ መስጫ ላይ ግን ገና በጠዋቱ የ"1" መዓት ወረደበት። ከአስር አንድ ማለት ነው። ይህ አዲስ ስልት አይደለም። "ካፒቴን ማርቭል" በ2019 ከመውጣቱ በፊት ተመሳሳይ ዘመቻ ስለነበር፣ ሮተን ቶማቶስ የተባለው ድረ ገጽ ፊልም ሳይወጣ አስተያየት የሚሰጥበትን ቦታ እስከ መዝጋት ደርሷል። እኛ ሰፈር የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ዲኤስቲቪ ቤት ተፋጦ ይሰዳደባል፤ ቢያንስ ግን ዘጠናውን ደቂቃ ተመልክቶ ነው የሚሰዳደበው! ጨዋታው ሳይጀመር ተጫዋቹን በውጤት የሚጥል ደጋፊ አላየሁም።

እስካሁን ያልኩት ብዙዎቻችሁን እንደሚያስማማ አውቃለሁ። "አዎ፣ ይጠሉናል" ብሎ ማጨብጨብ ቀላል ነው። የከበደኝ ሌላኛው ወገን ነው፤ የእኛው ወገን።

የአክስቴ ልጅ በዚያን ጊዜ አስራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ደብተሯ ጀርባ ላይ ሂጃብ ያደረጉ፣ ከእጃቸው ብርሃን የሚወጣ ሴቶችን የምትስል ልጅ ናት። "ዘ ማርቭልስ" በወጣ በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም አንድ ሊንክ ላከችልኝ። ከሥሩ "ግባና 10 ስጣት፣ ለሁሉም ላክ" ይላል።

"አይተሽዋል?" አልኳት።

"ገና ነው፤ ፊልም የሚጭነው ልጅ ሳምንት ይመጣል ብሏል።"

"እና እንዴት 10?"

"ኧረ በአላህ! እነሱ ሳያዩ 1 ይሰጧት የለ እንዴ? የኛ ናት እኮ!"

ሊንኩን ትቼ "ስጣት" የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኩ። "ስጠው" አላለችም። ለፊልሙ አይደለም ነጥቡ፣ ለልጅቷ ነው። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ጎራዎች አንድ ዓይነት ሥራ ላይ መሆናቸው የገባኝ። "1" የሚሰጠውም ለፊልሙ አይደለም የሚሰጠው፤ ለልጅቷ ነው። ለስሟ፣ ለእናቷ ሻርፕ፣ መስጂድ ለመግባቷ። ፊልሙን ማንም እያየው አይደለም።

አልሰጥም አልኳት። ምክንያቴንም ነገርኳት። ባላየሁት ነገር ላይ ምስክር መሆን አልችልም። ምስክርነት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ መድረሳ የተማረች ልጅ ናትና ማስረዳት አላስፈለገኝም። እሷ ግን ቀላል ተከራካሪ አይደለችም። "እሺ፣ ፊልሙ ሲከስር 'የሙስሊም ልጅ ፊልም አያዋጣም' ብለው ሁለተኛ ባይሠሩስ? ያን ጊዜ ሐቀኝነትህ ምን ይጠቅመኛል?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች እንዲያ ነው የሚያስቡት። በ2015 "ፋንታስቲክ ፎር" የተባለው የቡድን ፊልም ክፉኛ ወደቀ፤ ከ"ዘ ማርቭልስ"ም ያነሰ ነው ያስገባው። "የሳይንቲስት ቤተሰብ ፊልም አያዋጣም" ያለ ግን የለም። በጁላይ 2025 በአዲስ ተዋናዮች ተመልሶ መጣ። ሪድ ሪቻርድስ ወድቆ ይነሳል። ካማላ ስትወድቅ ግን ከነወገኗ ነው የምትወድቀው። የአክስቴ ልጅ በአስራ ሰባት ዓመቷ ይህን አድልዎ ያለማንም አስተማሪ አውቃዋለች፤ "10 ስጣት" ያስባላትም እሱ ነው። ፍርሃቷ ትክክል ነው።

መድኃኒቱ ላይ ነው የማልስማማው። ሳያዩ የተሰጠ አስር የሚያታልለው ስቱዲዮውን አይደለም፤ እነሱ የትኬቱን ገንዘብ ነው የሚቆጥሩት። የሚያታልለው የእኛኑ ልጆች ነው። ስማችን ስላለበት ብቻ ለመጣው ሁሉ ካጨበጨብን፣ ቀጣዩም ስማችን ብቻ ያለበት ይሆናል። ደግሞስ በሁለቱ የቁጥር ክምር መሃል ምን እንደጠፋ ታውቃላችሁ? ልጆቻችን በእውነት የወደዱትና በእውነት የከፋቸው ነገር።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በተከታታዩ ሁለተኛ ክፍል የካማላ ጓደኛ ናኪያ፣ ሂጃብ የምታደርገዋ፣ መስጂድ ውስጥ ጫማዋ ይሰረቃል። ጫማ! ይህን ትዕይንት ያየን ሁላችን ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም። ጁሙዓ ወጥቶ በባዶ እግሩ ወይም በሌላ ሰው ሲሊፐር ቤቱ ያልገባ ማን አለ? ናኪያ በዚህ አላበቃችም። የሴቶቹ መስገጃ መጎሳቆሉን አይታ ለመስጂዱ ቦርድ ትወዳደራለች። ስለዚህ ጉዳይ በየከተማችን ስንት እህቶች ሲያወሩ ሰምተናል? የጀርዚ ሲቲዋ ልጅ ግን በግልጽ አነሳችው። አንድ የሰጠውም አስር የሰጠውም ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፈም።

የከፋንም አለ። በዚያው ተከታታይ ክፉ ሆነው የሚመጡት ፍጡራን "ጂን" ተብለው ይጠራሉ። ለእኛ ጂን የተረት ማጣፈጫ አይደለም፤ የልጅቷን ኃይል ከዚያ ጋር ማያያዛቸው ብዙ ሙስሊም ተመልካች አስቆጥቷል፣ እኔንም ጨምሮ። ለወላጆቿ ውሸት ነግራ በሌሊት መውጣቷም፣ የወንድ ልጅ ነገርም አከራክሯል። ይከራክር! አንዳንዱ "ሂጃብ የላትምና የኛ አይደለችም" ብሎ ዘጋ፤ ይህ ለእኔ ከአንድ ሰጪዎቹ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። የአንዲት ልጅን ታሪክ ሰምቶ መተቸት አንድ ነገር ነው፣ ከበር መመለስ ሌላ።

ፊልሙ በፍላሽ መጣ (ስለ ፍላሹ ሐላልነት ዛሬ አልገባበትም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል)። አብረን አየነው። እናትየው አፏን በከፈተች ቁጥር አክስቴ "እውነቷን ነው!" እያለች ታግዛት ነበር። ድመቶቹ የጠፈር ጣቢያውን ሠራተኞች እየዋጡ ሲያድኑ ግን ተነስታ ወጥ ልታማስል ሄደች። ሲያልቅ የአክስቴን ልጅ "ስንት?" አልኳት። ብዙ አሰበች። "ስድስት" አለች፣ አንድ ነገር እንደተወሰደበት ሰው ሆና። ቀጥላ ግን ስድስቱን መተንተን ጀመረች። እስከ ኢሻ ሶላት አላቆመችም። ቤተሰቡ ጥሩ፣ ጠላትየዋ ባዶ፣ የዘፈኑ ፕላኔት አሳፋሪ። ካማላ የምታደንቃትን ካፒቴን ማርቭልን በአካል ስታገኝ የምትሆነው መሆን ደግሞ "እኔ ራሴ ነኝ" አለች።

ካማላ ራሷ አድናቂ ናት። ክፍሏ በካፒቴን ማርቭል ሥዕል የተሞላ፣ ስለ ጀግኖቹ የራሷን ታሪክ የምትጽፍና የምትስል ልጅ። ተዋናይዋ ኢማን ቬላኒም እንደዚያው ናት፤ ካራቺ ተወልዳ ካናዳ ያደገች፣ ኮሚክ ስታነብ የኖረች። ፊልሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ከሳቢር ፒርዛዳ ጋር ሆና የካማላን ኮሚክ ራሷ መጻፍ ጀምራ ነበር። ስለ ፊልሙ ገቢ ሲጠይቋት ነገሩ የእሷ ሳይሆን ያኔ የዲዝኒ አለቃ የነበረው የቦብ አይገር ጣጣ እንደሆነ መለሰች። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሁሉ ፈንጠዝያ መሃል፣ እንዲህ ቀለል አድርጎ መመለስ ቀላል አይደለም። በሁለቱም በኩል የሚጮሁት አዋቂዎች ይህን ያህል መረጋጋት አልነበራቸውም።

የአክስቴ ልጅ ትንታኔዋን በወረቀት አሰፈረችና ፎቶ አንስታ ያኔ ሊንኩን የላከችበት ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። አንዷ "ከማን ጋር ነሽ አንቺ?" አለቻት። ሌላዋ ግን ስለ ጂኑ አምስት መልእክት ጻፈች። ሦስተኛዋ ስለ ጫማው የራሷን ታሪክ አመጣች። ግሩፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ታሪኩ ማውራት ጀመረ።

በማርች 2025 ማርቭል የሚቀጥለውን ትልቅ የቡድን ፊልም፣ የ"አቬንጀርስ፦ ዱምስደይ"ን ተዋናዮች አስታወቀ። የተዋናይ ስም የተጻፈባቸው ወንበሮች አንድ በአንድ እየታዩ፣ ከአምስት ሰዓት በላይ በቀጥታ ስርጭት። 27 ስም። የአክስቴ ልጅ ወንበሮቹን እየቆጠረች አብራ ቆየች። የኢማን ቬላኒ ወንበር አልመጣም። "ምናልባት አላለቀም ይሆናል" ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ የዳታ ፓኬጇ አለቀ።