የመፀው አበባ በአዲስ አበባ ግቢዎች

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል፤ እነርሱም ክረምት፣ መፀው፣ በጋና ጸደይ ናቸው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። ከሌላ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ወቅት ከአውሮጳው መኸር ጋር ቢያስተካክለው በወራቱ ቁጥር ብዙ አይሳሳትም፤ የወራቱ ጠባይ ግን የተለየ ነው። በዚያ ቅጠል ሲረግፍ፣ በእኛ ደጋ አበባ ይፈካል። ስለዚህም ብዙ ሰው በዕለት ንግግሩ መስከረምን ጸደይ ብሎ ይጠራዋል፤ በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። ከመፀውም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ጽጌ በግዕዝ አበባ ማለት ነውና።

ይህን ወራት በቅርብ ለማየት ለሚሻ ሰው አዲስ አበባ የተመቸች ስፍራ ናት። ከተማይቱ ይህን ስም ያገኘችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያወጡላትም እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ሳያቋርጥ ይወርድባታል፤ ብርዱም ይጸናል። መስከረም ሲጠባ ደመናው ይገፈፋል፤ ፀሐይም ትወጣለች። መሬቱ ግን የጠጣውን ውኃ ገና አልጨረሰም። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ርጥበት የሚገናኙት በእነዚህ ጥቂት ሳምንቶች ነውና፣ የአበባውም ምስጢር ይኸው ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ከተማይቱ ደቡብ ድረስ በእግራችን በወረድን ጊዜ፣ በቆርቆሮ አጥር ሥር፣ በቦይ ዳር፣ በድንጋይ ካብ ስንጥቅ ሳይቀር ቢጫ አበባ አይተናል።

ይህም ቢጫ አበባ አደይ አበባ ነው። ማንም ሳይዘራው በራሱ ዘር የሚበቅል ሲሆን፣ የዕፀዋት ሊቃውንት ቢደንስ ከሚባለው ወገን ይመድቡታል። ቃሉ በላቲን ሁለት ጥርስ ያለው ማለት ነው፤ የተሰጠውም በዚህ ወገን በሚገኙ በብዙዎቹ ዘሮች ጫፍ ላይ ስለሚታዩት ሁለት ሹሎች ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ከለምለም ሣር ጋር ይይዙታል። መስከረም 16 ቀን ከደመራው እንጨት ጫፍ ይታሰራል። በኢሬቻ በዓልም ሕዝቡ ከእርጥብ ሣር ጋር ይዞት ወደ ውኃው ይወርዳል፤ በኦሮምኛ ስሙ ኬሎ ነው። ንቦችም እጅግ ይወዱታልና፣ በጥቅምትና በኅዳር በሚቆረጠው የደጋ ማር ውስጥ የአደይ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ከአደይ ጎን ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ተሰልፈዋል። ዳሊያና ኮስሞስ ከሜክሲኮ፣ ጀራኒየም ከደቡብ አፍሪካ መጥተው በከተማይቱ ግቢዎች ከለመዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከእነዚህ ጋር ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲና በሶብላ ባንድ መደብ ተቀላቅለው ይታያሉ፤ የአዲስ አበባ ግቢ የሚያምረውን ከሚሸተውና ከሚበላው አይለይምና።

በጉለሌ በኩል ባንድ አሮጌ ግቢ ያገኘናቸው እናት ጎመን ይኮተኩቱ ነበር። አደዩ ከጎመኑ መደብ መካከል ገብቶ ስላየን፣ «እማማ፣ ይህን ስለምን አይነቅሉትም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ተዉት ልጆቼ፤ ሳይጠሩት መጥቷል፣ ሳያባርሩት ይሄዳል። እኔ የምጠብቀው ዘሩን እስኪሰጠኝ ነው» አሉን። እኚህ እናት በዚሁ ዓመት ግቢውን ለቀው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊገቡ ነው። ስለ ጽጌረዳቸው ብንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እርሷ እንኳ ሥሯ ጠልቋል፤ ብነቅላት ትሞትብኛለች። ዘር ግን በመቀነት ጫፍ ይቋጠራል» ሲሉ መለሱልን። በደጃፋቸውም አፈር የተሞሉ ሦስት አሮጌ ባልዲዎች ተዘጋጅተው ቆመዋል።

በእርግጥም አደይ ከዓመት ዓመት የሚያልፈው በዘሩ ብቻ ነው። ዳሊያ ከመሬት በታች እንደ ድንች ያለ ሥር አለውና፣ ግንዱ ቢደርቅ በከርሞው ዝናም ይነሣል። አደይ ግን ዘሩ ሳይበስል ሁሉ ከተቆረጠ፣ ለሚመጣው መስከረም የሚተወው የለውም። ከተማይቱ በሕንፃና በአስፋልት እየተሸፈነች በሄደች ቁጥር ዘሩ የሚወድቅበት ባዶ መሬት ያንሳል፤ ስለዚህ በየግቢው ያለው ጥቂቱ መደብ ከፊት ይልቅ ዛሬ ይፈለጋል።

ግቢ ያለው ሰው እንዲህ ያድርግ። ለበዓል ሲቆርጥ ግማሹን ያስቀር፤ የቀረውም አበባው ረግፎ ራሱ እስኪጠቁር ድረስ ይቆይ። ደርቆ በጣት ሲነካ የሚለቅ ዘር ደርሷል፤ በወረቀት ወይም በጨርቅ ቋጥሮ በደረቅ ስፍራ ማኖር ነው። ዳሊያ፣ ኮስሞስና ጽጌረዳ ግን በተቃራኒው የጠወለገው አበባቸው ቶሎ ቢቆረጥ ሌላ እንቡጥ ያወጣሉ። ጥቅምት ሲጋመስ መሬቱ መድረቅ ይጀምራል፤ ይልቁንም በደቡቡ የከተማይቱ ክፍል ያለው መረሬ አፈር ይሰነጠቃልና፣ ማታ ማታ ማጠጣት ያስፈልጋል።

አማርኛን በመማር ላይ ላሉ አንባብያን ደግሞ የመፀው ግቢ መልካም ትምህርት ቤት ነው። አበባ መጀመሪያ ያቆጠቁጣል አይባልም፤ የሚያቆጠቁጠው ቅጠል ነው። አበባ እንቡጥ ይሆናል፣ ይፈነዳል፣ ይፈካል፣ ይጠወልጋል፣ በመጨረሻም ይረግፋል። እነዚህን አምስት ቃላት ባንድ መደብ አጠገብ ቆሞ በቅደም ተከተላቸው ማየት ይቻላል፤ ከኅዳር በኋላ ግን ለማየት እስከ ከርሞ መቆየት ግድ ነው።